የጌጤነሽ ቁልፍ

በእኛ በአምቦ ኮምፒዩተር ሲታመም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት፣ ማለትም ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን። ቢዘገይ ፎርማት፣ ቢጮኽ ፎርማት፣ ጭራሽ ባይበራም ፎርማት። ሰው ማሽኑን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ጠጋኙ ይወስድና «ፎርማት አድርግልኝ፣ ጥሩ ዊንዶውስ ጫንልኝ» ይላል። ዊንዶውስ ማለት ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም ነው፤ ያለ እሱ ማሽኑ የብረትና የፕላስቲክ ክምር ነው። ያ ፕሮግራም የማን ነው፣ በማን ፈቃድ ይጫናል ብሎ የሚጠይቅ ሰው በሠላሳ አንድ ዓመት የመምህርነት ዘመኔ አላጋጠመኝም። እኔም ጠይቄ አላውቅም። ያስተማርኩት ደግሞ ሥነ ዜጋ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናዘዘው ኋላ «አንተስ?» እንዳትሉኝ ነው። ተራዬ ሲደርስ እኔም አልቀርም።

ምትኩ እባላለሁ፤ ጡረተኛ ነኝ። የምተርክላችሁ ግን ስለ ጌጤነሽ ይገዙ ነው።

ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ከተደረደሩት የጽሕፈት ቤቶች መካከል ሰማያዊ በር ያላት የጌጤነሽ ናት። አቤቱታ፣ ውልና ማመልከቻ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ትጽፋለች። እሷ የጻፈችው ወረቀት ስርዝ ድልዝ የለውም፤ ዳኞቹ ገና ከሩቁ ያውቁታል ይባላል። አንድ ቀን አንድ ባለጉዳይ ያልሆነ ነገር ጨምራ እንድትጽፍለት ሲለምናት አጠገቧ ነበርኩ። «ወንድሜ፣ እኔ የጻፍኩት ወረቀት ዳኛ ፊት ቆሞ እንዲያፍር አልፈልግም» ብላ ሸኘችው። ኩራቷ ለአንዳንዱ ጥጋብ ይመስለዋል። እኔ ግን እወደዋለሁ። ሠርቶ የሚኮራ ሰው ለከተማ ጌጥ ነው።

የመጀመሪያ ኮምፒዩተሯ መርካቶ ተገጣጥሞ የመጣ ነበር፤ ውስጡ ባዶ። ሌላው ሰው ቢሆን ከጎረቤት ፍላሽ ተውሶ ዊንዶውስ ያስጭን ነበር። ጌጤነሽ ግን አንዲት ጊደር ሸጣ፣ አዲስ አበባ ወርዳ፣ ኦርጅናሉን በካርቶን፣ ከነደረሰኙ ገዝታ መጣች። በካርቶኑ ውስጥ ሃያ አምስት ፊደልና ቁጥር የታተመባት ካርድ አለች። ቁልፍ የሚሏት እሷን ነው፤ ፕሮግራሙ የገዢው መሆኑን የምትመሰክር ናት። ከተማው ሳቀባት። እኔም ሳቅኩ።

«ጌጤ፣ ነገ ላም የምትሆን ጊደር ሰጥተሽ ወረቀት ገዛሽ?» አልኳት።

«ጋሼ ምትኩ፣ እኔ የምኖረው ወረቀት ሸጬ አይደል? የሸጥኩት እንዲከበር የገዛሁትንም ላክብር እንጂ» አለችኝ። ካርቶኑን ከነደረሰኙ ከቤቷ ይዞታ ማረጋገጫ ጋር በአንድ ሳጥን ቆለፈችበት።

በ2011 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል መብራት ሄዶ በኃይል ተመለሰና የኮምፒዩተሯን ዋና ሰሌዳ አቃጠለው። ማሽኑ ሞተ። ሌላ ገዛች፤ ያም ባዶ ነበር። ጀቤሳ አዱኛን አስጠራች። ጀቤሳ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያለው የኮምፒዩተር ጠጋኝ ነው፤ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ጨዋ ሰው። ከጉደር ወደ አምቦ በመጣ ጊዜ መተየብ ያስተማረችው ጌጤነሽ ናት። ዛሬም «አዴ» እያለ ነው የሚጠራት፤ ወይዘሮ ማለቱ ነው።

«ያ በካርቶን የገዛሁት ወደ አዲሱ ማሽን ይዛወራል ወይስ ከአሮጌው ጋር ሞቷል?» ስትል ጠየቀችው።

«ሁለት ዓይነት አለ፣ አዴ» አላት። «ከፋብሪካ ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚመጣ አለ። እሱ የዚያ ማሽን ብቻ ነው፤ ወደ ሌላ አይሄድም፣ ማሽኑ ሲሞት አብሮ ይሞታል። እንደ እርስዎ ለብቻው የተገዛው ግን ይዛወራል። ከአሮጌው ይነሣና አዲሱ ላይ ይገባል። ብቻ በአንድ ጊዜ ሁለት ማሽን ላይ መሆን አይችልም።»

በሩ አጠገብ ኦቦ ሆርዶፋ ተቀምጠው ነበር። የጌጤነሽ ሟች ባል አባት ናቸው፤ ልጃቸው ካረፈ ወዲህ ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። በወጣትነታቸው በጉግስ ስማቸው የተጠራ ፈረሰኛ ነበሩ። ኮምፒዩተር ነክተው አያውቁም።

«ገባኝ» አሉ ኦቦ ሆርዶፋ። «የመጀመሪያው ቆዳ ነው፣ ሁለተኛው ኮርቻ ነው። ፈረስ ሲሞትብህ ኮርቻውን አንሥተህ ሌላው ላይ ትጭናለህ። ቆዳውን ግን ለሌላ ፈረስ አታለብሰውም።»

ጀቤሳ ከት ብሎ ሳቀ። «ዱጋዳ! እውነት ነው ኦቦ! እኔ ለደንበኞቼ ይህን ለማስረዳት ስንት ዓመት ደከምኩ!»

ጌጤነሽ ካርዷን ከሳጥኑ አውጥታ ሰጠችው። እሱም አዲሱን ማሽን አሳምሮ ጫነላት፤ ሠራላትም። እስከዚህ ድረስ ከሕግ የወጣ ምንም ነገር የለም።

ክረምቱ አልፎ በጥቅምት አንድ ትልቅ ነገር መጣ። የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና የሚያግዝ አንድ ድርጅት በምዕራብ ሸዋ ላሉ ጤና ኬላዎች የሚሰጥ መጽሐፍ በሁለቱ ቋንቋዎች ማዘጋጀት ፈለገ። እንዲህ ያለው ሥራ ሁልጊዜ አዲስ አበባ ነበር የሚሠራው። የሚመጣልን ኦሮምኛ ደግሞ ደረቅ ነው፤ እናቶቹ ሲነበብላቸው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ አይገባቸውም። ድርጅቱ ከብዙ ቦታ ሁለት ሁለት ገጽ ናሙና ሰበሰበና ጉደር ላይ ለተሰበሰቡ ነፍሰ ጡሮች አስነበበ። የጌጤነሽ ሲነበብ አንዷ ሴት አቋርጣ «ይህችን የጻፈች ሴት ወልዳ ታውቃለች» አለች። ሥራው ለአምቦ ተወሰነ። ለሰማያዊዋ በር! እኔ ራሴ እንደ ሽማግሌ ሳይሆን እንደ ሕፃን በየቤቱ እየዞርኩ አወራሁ። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ሥራ ሲመጣ ያየሁት ያኔ ነው።

ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ነበረች። መጽሐፉ የሚዘጋጅበት ኮምፒዩተር ሕጋዊ ፈቃድ ባለው ፕሮግራም መሥራት አለበት ትላለች። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች እዚህች ላይ ሲደርሱ ሳል ሳል ይላቸው ነበር አሉ። ጌጤነሽ ግን አንብባ ፈገግ አለች። «ጊደሬ ዛሬ ወለደች» አለችኝ።

ከመፈረሙ በፊት ድርጅቱ ዲቦራ የምትባል ወጣት ባለሙያ ላከ። ዲቦራ ትሑት ልጅ ናት። ማሽኑ ፊት ተቀምጣ ጥቂት ነካካችና ፊቷ ተቀየረ።

«ወይዘሮ ጌጤነሽ፣ ማያው ጥግ ላይ ይህ ዊንዶውሱ ፈቃድ የለውም የሚል ጽሑፍ ከመጣ ቆየ?»

«ሁለት ሳምንት ይሆነዋል። የኔትወርክ ችግር ነው ብሎኝ ነበር ጠጋኙ።»

«ኔትወርክ አይደለም። ይህ ቁልፍ ታግዷል። በብዙ ማሽኖች ላይ ተጭኖ ስለተገኘ ሠሪው ኩባንያ ከልክሎታል።» ከዚያ ልታጽናናት ፈልጋ ይመስለኛል፣ «ግድ የለም፣ ብዙ ሰው ሳያውቅ የተሰረቀ ቁልፍ ያስጭናል» ስትል ጨመረች።

ጌጤነሽ ተነሥታ ሳጥኗን ከፈተች፤ ካርቶኑንና ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ልጄ፣ እኔ ገዝቻለሁ» አለች።

ዲቦራ ደረሰኙን ደጋግማ አየች። «አምናለሁ» አለች በመጨረሻ። «ግን ቁልፉ ከእርስዎ እጅ ነው የወጣው። ማን እንዳወጣው ካልታወቀ አለቆቼ እርስዎ ሸጡት ነው የሚሉት። በአሥር ቀን ውስጥ ነገሩን አጣርተው ያቅርቡልኝ። ከዚያ በላይ መጠበቅ አልችልም።»

ይህን ዓይነት ነገር ስንቱ ሰው በቀላሉ ያልፈው ነበር። የጌጤነሽን ኑሮ ግን አስቡት። ሙሉ ዕድሜዋን የሌላውን ሰው እውነት በወረቀት ላይ አቁማ የኖረች ሴት፣ ከአገሩ ሁሉ ለይታ በደረሰኝ የገዛች ሴት፣ ሌባ የተባለችው እሷ ናት። ሥራው ቢቀር ሌላ ሥራ ይገኛል። «ለአምቦ ሰጥተናቸው ሌብነት ሆኖ ተገኘ» ተብሎ አዲስ አበባ ከተጻፈ ግን ያንን የሚሰርዝ ማን ነው? በዚያው ቀን ማሽኑን አጠፋችው። «በተጠረጠረ ማሽን አልጽፍም» አለችና የባለጉዳዮቿን ማመልከቻ በእጇ መጻፍ ጀመረች።

ጀቤሳን ጠየቀችው። «የኩባንያው ስህተት ይሆናል፣ አዴ» አለና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እሷ አመነችው። እኔም አመንኩት።

በአራተኛው ቀን እጃጂ ለቅሶ ሄድን፤ እሷና እኔ። ስንመለስ መኪና እስኪሞላ መንገድ ዳር ቆመን ሳለ «ፎርማት እናደርጋለን» የሚል ማስታወቂያ የተለጠፈባት አንዲት ሱቅ አየች። ገባች፤ ተከተልኳት። ሌታ የሚባል ደስተኛ ጠጋኝ ተቀብሎን «አካም ጅርቱ!» ብሎ ሰላምታ ሰጠን።

«ልጄ፣ ኦርጅናል ዊንዶውስ ትጭናለህ?» አለችው።

«እንዴታ! እኔ ክራክ የሚባለውን፣ ቁልፉ የተሰበረ ኮፒ አልነካም፣ እናቴ» አለ ደረቱን ነፍቶ። «እኔ የምጭነው የጌጤነሽን ነው።»

«የማንን?»

«የጌጤነሽን። ኦርጅናል ነው፤ ከአምቦ ነው የሚመጣው። ከዚህ እስከ አዲስ ዓለም ጥሩ ጠጋኝ ሁሉ የሚጭነው የጌጤነሽን ነው። አንዳንዴ እምቢ ይላል እንጂ ከያዘ ይዟል ነው!»

«ጌጤነሽ ማን ናት?»

ሌታ ትከሻውን ሰበቀ። «እኔ እንጃ። የኩባንያው ስም ይመስለኛል።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ። ጌጤነሽን ቀና ብዬ ሳያት ግን እንባዋ በጉንጯ ላይ ይወርድ ነበር። ሌታ ደንግጦ ወንበር አቀረበላት። «ጌጤነሽ እኔ ነኝ» አለችው። ከዚያ ወጣን።

ጀቤሳን በማግስቱ ጠዋት አስጠራችው። እኔና ኦቦ ሆርዶፋ ባለንበት «እጃጂ ነበርኩ» አለችው ብቻ። እሱ ሌላ ማስረጃ አልጠበቀም። ከኪሱ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ያን ቀን ካርዱን ሲሰጡኝ ገለበጥኩት» አለ። «አዴ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ክፋት አላሰብኩም። አንድ ተማሪ ጉደር ላይ ዊንዶውስ አጥቶ ሲያለቅስ አየሁና ጫንኩለት። ከዚያ ጓደኛው መጣ። ከዚያ ሌታ ጠየቀኝ። ከጎረቤት እሳት ይጫራል አይደል? ጎረቤት ፍም ወሰደ ተብሎ የማን ምድጃ ጠፋ? ከማንም አልሰረቅኩም። ኩባንያው እንደሆነ ሀብታም ነው፤ አምቦ የምትባል አገር መኖሯንም አያውቅ።»

እዚህ ላይ ልቁም። አንባቢዬ ሆይ፣ ይህ አነጋገር ጣፋጭ ነው። እሳት፣ ወንፊትና መጥረቢያ እየተዋዋስን የኖርን ሕዝብ ነንና ይገባናል። ከዚያ ዕለት በፊት ብትጠይቁኝ እኔም ከጀቤሳ ጋር እስማማ ነበር።

ጌጤነሽ ግን እንዲህ አለችው፦ «ኩባንያው አምቦን አያውቅ ይሆናል። እኔን ግን አምቦ ያውቀኝ ነበር።»

ጀቤሳ አቀረቀረ። ኦቦ ሆርዶፋ በትራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

«ያ ጀቤሳ» ብለው በአፋን ኦሮሞ ጠሩት፤ «ይህን ሕግ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ኮርቻ ነው ስልህ ዱጋዳ አልክ። ታዲያ ዛሬ ከምኔው እሳት ሆነ? እሳት ስትካፈለው ይበዛል። ኮርቻ ግን የአንድ ፈረስ ነው። አንዱን ኮርቻ ስንት ፈረስ ላይ ጫንከው?»

ጀቤሳ ደብተሩን ከፈተ። «ሌሎቹ ጠጋኞች እየደወሉ የነገሩኝን ጨምሮ፣ ሠላሳ ሰባት» አለ።

«ሠላሳ ሰባት ፈረስ ጋልበህ ባለ ኮርቻዋን እግረኛ አደረግካት። በልጅነቴ እንዲህ ያደረገ ሰው ፈረሰኛ መሐል አይቀመጥም ነበር።»

«አንብብ» አለች ጌጤነሽ። «የማን የማን እንደሆነ አንብብልኝ።»

ጀቤሳ ማንበብ ጀመረ። አንደኛ የጉደሩ ተማሪ፣ ሁለተኛ ጓደኛው፣ ሦስተኛ አንድ ፎቶ ቤት። ስድስተኛውን አንብቦ ቆመ፤ እኔን አየኝ።

«ሰባተኛ፣ ጋሼ ምትኩ።»

ተራዬ ደረሰ አይደል? ነገሩ እንዲህ ነው። ጡረታ ስወጣ የድሮ ተማሪዎቼ አዋጥተው አዲስ ላፕቶፕ ሸለሙኝ። በወሩ ዘገየብኝና እንደ አገሩ ልማድ በፌስታል ጠቅልዬ ለጀቤሳ ሰጠሁት፤ «ጥሩ ዊንዶውስ ጫንልኝ» ብዬ። ሠራልኝ። ኋላ እኔም ጋ ማያው ጥግ ላይ ያ ጽሑፍ ሲመጣ ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ቁራጭ ፕላስተር ለጥፌ ሸፈንኩት። የሥነ ዜጋ መምህር! ጌጤነሽ ሌባ ስትባል አብሬያት ሳዝን፣ ኮርቻዋ የእኔ ቤት ነበር።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ጌጤ» አልኳት።

ጀቤሳ ግን ገና አልጨረሰም። «የባሰው ደግሞ የእርስዎ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። «የእርስዎ ላፕቶፕ ከፋብሪካ የራሱን ይዞ የመጣ ነበር። እኔ ነኝ ያን አጥፍቼ የአዴን የጫንኩበት። ፎርማት ሲሉኝ ምን እንዳለው እንኳ ሳላይ ነው የማጠፋው። ሁላችንም እንዲህ ነው የምንሠራው።» የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏችኋል ይህ ነው። ሕጋዊ ሀብቴን አስደምስሼ የጎረቤቴን ስም ተሸክሜ ኖርኩ። ያውም ለሥራው ከፍዬ!

«ምን ልካስዎት፣ አዴ?» አለ ጀቤሳ። «ያለኝን ልሽጥ?»

«ካሣ አልፈልግም» አለችው። «ስሜን ከየማሽኑ አውጥተህ አምጣልኝ።»

ጀቤሳ በዚያው ዕለት ሱቁን ዘጋ። ጉደር ሄደ፣ እጃጂ ሄደ፣ አዲስ ዓለም ሄደ። እያንዳንዱን ማሽን እያስከፈተ የጌጤነሽን ቁልፍ በገዛ እጁ አነሣ። አንዳንዱ ሰደበው፤ አንድ ነጋዴ ከሱቁ ገፍትሮ አስወጣውና በማግስቱ መጥቶ እንዲሠራለት ለመነው። ከሠላሳ ሰባቱ አሥራ አንዱ እንደ እኔው ሆኖ ተገኘ፤ ከፋብሪካ የራሱ ያለው፣ ባለቤቱ የማያውቀው። ለእነሱ የራሳቸውን መለሰላቸው፤ ማሽኑ የገዛ ቆዳውን አውቆ ተቀበለ። መግዛት ለሚችሉት የት በደረሰኝ እንደሚገዛ አሳያቸው። ለማይችሉት ተማሪዎች ሊኑክስ የሚባለውን፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው በነፃ ተጠቀሙበት ብለው የፈቀዱትን ጫነላቸው። ለካስ በነፃ የሚሰጥም ነበር! ለጉደሩ ተማሪ ሲያስረዳው «ታዲያ ያኔ ለምን ይህን አልጫንክልኝም?» አለው። ሌታ ደግሞ ራሱን እያከከ «እሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ የማንን ልጫን?» አለው አሉ።

እሱ ሲዞር እኛ ሥራ አልፈታንም። ጌጤነሽ የካርቶኑን፣ የካርዱንና የደረሰኙን ፎቶ ለኩባንያው ላከች፤ የሆነውን አንድ ሳትደብቅ፣ አንድ ሳትጨምር ጻፈች። እዚያም ቢሆን ከልክ ያለፈ ቃል አልነበራትም፤ አልለመነችም፣ አልተቆጣችም። በስልክም ጠየቋት፤ መለሰች። በስምንተኛው ቀን ምላሽ መጣ። ግዢዋ ተረጋግጧል፤ የድሮው ቁልፍ ለዘለዓለም ተዘግቶ አዲስ ቁልፍ ተሰጥቷታል። የገዛ ሰው እንዲህ አፉን ሞልቶ ይከራከራል። ያልገዛ ምን ይዞ ይከራከራል?

በአሥረኛው ቀን ዲቦራ መጣች። ማሽኑን አየች፤ ጥግ ላይ ያለው ጽሑፍ የለም። «ቁልፉስ እንዴት እንደወጣ ታወቀ?» አለች።

ጌጤነሽ ወደ በሩ ተመለከተች። ጀቤሳ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ጫማው የሦስት ከተማ አቧራ እንደያዘ። እዚህ ላይ ልብ አድርጉልኝ፤ ድርጅቱ በየጤና ኬላው ያሉ ኮምፒዩተሮችን የሚጠግን ሰው ይፈልግ ነበር። ጀቤሳ ማመልከቻ ካስገባ ወር አልፎት ነበር። ማመልከቻውን የጻፈችለት ራሷ ጌጤነሽ ናት።

«ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «ጀቤሳ አዱኛ እባላለሁ። እሷ አታውቅም ነበር። የሠላሳ ሰባቱ ባለቤቶች ዝርዝርና ያነሣሁበት ቀን እዚህ አለ፤ ፈርሜበታለሁ።»

ዲቦራ ስሙን ስትሰማ አወቀችው። «አንተ እኛ ጋ ያመለከትከው ነህ?»

«አዎ፣ እኔው ነኝ።»

«ይህን ስትነግረኝ ያን ሥራ እንደማታገኝ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለ።

አላገኘምም። ይህን ለማሳመር ብዬ አልዋሻችሁም። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ግን ጀቤሳ ከዚያ በር ሲወጣ ኦቦ ሆርዶፋ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አሳለፉት። እሳቸው ለማንም እንደዋዛ የሚነሡ ሰው አይደሉም።

ጌጤነሽ ውሉን ፈረመች፤ መጽሐፉን ጻፈች። ታትሞ ሲመጣ የመጀመሪያውን ቅጂ እኔ ነኝ የገለጥኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ትርጉምና ጽሕፈት፦ ጌጤነሽ ይገዙ፣ አምቦ» ይላል። አምቦ! ጣቴን ቃሉ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ዛሬ ከጉደር እስከ እጃጂ ባሉ ጤና ኬላዎች እናቶች ይህን መጽሐፍ ሲያነቡ ስሟን ያዩታል፤ ስሟ መሆን ያለበት ቦታ ላይ።

እኔም ላፕቶፔ ላይ የለጠፍኩትን ፕላስተር ልጬ ጣልኩት። ከሥሩ ምንም ጽሑፍ የለም፤ ማሽኑ የራሱን ለብሷል። ስለዚህ ወገኖቼ፣ የሽማግሌ ምክር ስሙኝ። ኮምፒዩተር ስትገዙ የራሱን ይዞ መጥቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ይዞ ከመጣ አታስደምስሱት። ለብቻው ከገዛችሁ ደረሰኙን እንደ ቤታችሁ ካርታ ያዙ፤ ማሽን ስትቀይሩ ይዛችሁት ትሄዳላችሁና፤ ግን በአንድ ጊዜ ለአንድ ማሽን ብቻ። መግዛት ካልቻላችሁ በነፃ የተፈቀደውን ጠይቁ፤ ድህነት አያሳፍርም። የጎረቤትን ቁልፍ ግን አትንኩ። የምትወስዱት ከሩቅ ኩባንያ ይመስላችኋል፤ የሚጎድለው ግን ሰማያዊ በር ካላት ከጎረቤታችሁ ነው።

ይህ ከሆነ ዓመታት አለፉ። ወደ መናኸሪያው ብትወርዱ የጀቤሳን ሱቅ ታገኙታላችሁ፤ ደንበኛው ከድሮው በዝቷል። በሩ ላይ በሁለቱም ቋንቋ የተጻፈ ሰሌዳ ሰቅሏል። «እዚህ ቤት የጌጤነሽ አይጫንም» ይላል። መንገደኛ ሁሉ እየቆመ ያነበዋል፤ ነገሩን የማያውቅ ገብቶ «ጌጤነሽ ማን ናት?» ብሎ ይጠይቃል።

ጀቤሳ ያኔ የያዘውን ሥራ ያስቀምጥና እስከ በሩ ወጥቶ በጣቱ ወደ ፍርድ ቤቱ ያሳያል።

«ያቺ ሰማያዊ በር ትታይሃለች?» ይላል በኩራት። «እዚያ ውስጥ ያለችው ናት። ስሟን ለማንም የማታውስ ሴት።»